ጥርት ያለ ውሃ ሁሉ ንጹሕ ነው? በውሃ ውስጥ ያለ መርዛማ ብረትን በብርሃን ስለሚለዩ የወርቅ ዘለላዎች

በካምፕ ስለ ውሃ ስናወራ ብዙ ጊዜ ጥያቄያችን ሁለት ነው። መጣ ወይ? ክሎሪንስ ገብቶበታል ወይ? ሁለቱም ትክክለኛ ጥያቄዎች ናቸው። ኮሌራና ተቅማጥ ካምፕ ውስጥ እንዴት እንደሚዛመቱ ለእናንተ መንገር ለቀባሪው ማርዳት ነው። ዛሬ ግን ሦስተኛ ጥያቄ ልጨምር። ውሃው ውስጥ በዓይን የማይታይ፣ በምላስ የማይታወቅ፣ ሲፈላም የማይጠፋ መርዛማ ብረት ቢኖርስ በምን እናውቃለን?

እኔ እዚሁ ካምፕ ውስጥ ለአንደኛ ደረጃ ተማሪዎች ሳይንስ አስተምራለሁ። ይህን ጽሑፍም ያዘጋጀሁት ለተማሪዎቼ በማስረዳበት ቋንቋ ነው። ርዕሱ «ፍሎረሰንት የብረት ናኖክላስተር» የሚባል ነገር ነው። ስሙ አያስፈራችሁ፤ ቀስ እያልን እንፈታዋለን።

መርዛማ ብረት ስንል ምን ማለታችን ነው?

እዚህ ላይ «ብረት» ስል ለማረሻና ለምስማር የሚሆነውን ብቻ ማለቴ አይደለም። ወርቅ፣ ብር፣ መዳብ፣ እርሳስ፣ ባዜቃ (ሜርኩሪ የሚባለው) ሁሉም በሳይንስ ቋንቋ ብረቶች ናቸው። ከእነዚህ አንዳንዶቹ በጥቂቱ ለሰውነት ይጠቅማሉ፤ መዳብ አንዱ ነው። አንዳንዶቹ ግን ምንም ጥቅም የላቸውም፤ ጉዳት ብቻ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ለመጠጥ ውሃ ያስቀመጣቸው መጠኖች እነዚህ ናቸው።

- እርሳስ፦ በአንድ ሊትር ውስጥ 10 ማይክሮግራም። የልጆችን አእምሮ ይጎዳል። ትንሽ ልጅ ከዋጠው እርሳስ ወደ ሰውነቱ የሚያስገባው አዋቂ ከሚያስገባው ከ4 እስከ 5 እጥፍ ይሆናል።
- ባዜቃ፦ በአንድ ሊትር ውስጥ 6 ማይክሮግራም። ኩላሊትን፣ ነርቭንና በማኅፀን ያለ ጽንስን ይጎዳል።
- ካድሚየም፦ በአንድ ሊትር ውስጥ 3 ማይክሮግራም። በተለይ ኩላሊትን ይጎዳል።
- አርሴኒክ፦ በአንድ ሊትር ውስጥ 10 ማይክሮግራም። ለዓመታት ሲጠጣ ቆዳን ያበላሻል፣ ካንሰርም ያመጣል።

ማይክሮግራም የግራም አንድ ሚሊዮንኛ ነው። ይህ ምን ያህል ትንሽ እንደሆነ በጀሪካን እናስላው። አንድ ግራም እርሳስ ቢሟሟ 100,000 ሊትር ውሃን እስከ ገደቡ ድረስ ያደርሳል። ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ከሆነ 5,000 ጀሪካን ማለት ነው። ስለዚህ «ውሃው ጥርት ያለ ነው፣ ጣዕሙም ደህና ነው» ማለት ስለ እርሳስ የሚነግረን ነገር የለም። ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል የሚባለው ለጎርፍ ብቻ አይደለም።

ማፍላትና ክሎሪን ለምን አይበቁም?

ማፍላት ጀርምን ይገድላል። ክሎሪንም እንደዚያው። እርሳስ ግን በሕይወት ያለ ነገር አይደለም፤ ስለዚህ አይሞትም። ውሃ ስናፈላ የሚተነው ውሃው ነው፤ ብረቱ ድስቱ ውስጥ ይቀራል። እንዲያውም ውሃው ባነሰ ቁጥር የብረቱ መጠን በሊትር ሲሰላ ትንሽ ከፍ ይላል። በነጠላ ማጥለልም ጭቃን እንጂ በውሃ ውስጥ የሟሟ ብረትን አያስቀርም።

ይህን ስል ማፍላቱንና ክሎሪኑን ተዉ ማለቴ እንዳይመስላችሁ! ጀርም ዛሬ ነገ ሳይል የሚገድል ጠላት ነው። የምለው፣ አንዱ መድኃኒት ለሌላው በሽታ አይሆንም ነው።

ብረትን ከውሃ የሚያወጡ ማጣሪያዎች አሉ። ችግሩ ለእያንዳንዱ ብረት የሚስማማው ማጣሪያ የተለያየ መሆኑ ነው። በመጀመሪያ የትኛው ብረት፣ በምን ያህል መጠን እንዳለ መታወቅ አለበት። ለዚህ ነው መለየት ከማጣራት የሚቀድመው።

ብረቱ ከየት ይመጣል?

አንዳንዱ ከመሬት ነው። አለቱ ውስጥ ያለው ወደ ከርሰ ምድር ውሃ ይገባል። በስምጥ ሸለቆ አካባቢ ያደገ ሰው ጥርስን የሚያበልዘውን ፍሎራይድ ያውቃል፤ ፍሎራይድ ብረት አይደለም፣ ነገር ግን ከመሬት የመጣ ነገር በጠራ ውሃ ውስጥ ተደብቆ ሰውን እንደሚጎዳ ጥሩ ምሳሌ ነው።

ሌላው ከሰው እጅ ነው። ሁለት ነገር ለእኛ ቅርብ ናቸው።

የመጀመሪያው የወርቅ ሥራ ነው። ከመካከላችን በቤኒሻንጉል፣ በጋምቤላ ወይም በሱዳን ወርቅ ያጠበ ሰው አይጠፋም። ወርቁን ከአፈሩ ለመለየት ባዜቃ ይጨመርበታል፤ ከዚያ በእሳት ሲቃጠል ባዜቃው ይተናል፣ ወርቁ ይቀራል። የተነነው ተመልሶ በአፈርና በውሃ ላይ ይወርዳል። ጃፓን ውስጥ በሚናማታ የባሕር ወሽመጥ ከ1932 እስከ 1968 እ.ኤ.አ. አንድ ፋብሪካ ባዜቃ ያለበት ቆሻሻ ወደ ባሕሩ ሲለቅ ኖሮ፣ ዓሣውን የበሉ ብዙ ሰዎች ሞተዋል፣ የአካል ጉዳተኛም ሆነዋል። በ2013 የተፈረመው ስለ ባዜቃ የሚደነግገው ዓለም አቀፍ ስምምነት የዚያችን ከተማ ስም ይዟል። በናይጄሪያ ዛምፋራ ግዛት ደግሞ በ2010 ሰዎች የወርቅ ድንጋይ መኖሪያቸው አጠገብ ሲፈጩ ድንጋዩ ውስጥ የነበረው እርሳስ በአቧራ ተበትኖ ከ400 በላይ ልጆች ሞተዋል።

ሁለተኛው ባትሪ ነው። የመኪናና የሶላር ትልልቅ ባትሪዎች ውስጣቸው እርሳስና አሲድ ነው። በኬንያ ሞምባሳ፣ ኦዊኖ ኡሁሩ በሚባል የድሆች ሰፈር አጠገብ አሮጌ ባትሪ የሚያቀልጥ ፋብሪካ ነበር። እዚያው ተቀጥራ ትሠራ የነበረችው ፊሊስ ኦሚዶ ልጇ በእርሳስ ሲመረዝባት የሰፈሩን ሰው አስተባብራ ታገለች፤ ፋብሪካው በ2014 ተዘጋ። በ2015 የጎልድማን የአካባቢ ጥበቃ ሽልማት ተሰጥቷታል።

ይህን የምጽፈው ከሩቅ አገር ወሬ ስለሆነብኝ አይደለም። ከማስተምራቸው ልጆች መካከል ከትምህርት ሰዓት በኋላ የተጣለ ባትሪ ሰብረው ውስጡን ለቆራሌው የሚሸጡ አሉ። አሲዱን የሚደፉት እዚያው መሬት ላይ ነው። ቦኖው ለሦስትና ለአራት ቀን ሲዘጋ ደግሞ እኔም ጎረቤቶቼም ከደረቁ ወንዝ ዳር ከተቆፈረ ጉድጓድ በአህያ የሚመጣ ውሃ እንገዛለን። ጉድጓዱ ያለው ባትሪ ከሚጠገንበት ቦታ ዝቅ ብሎ ነው። ያ ውሃ እርሳስ አለበት እያልኩ አይደለም። የለበትም ብሎ የሚምልልኝ ሰውም አላገኘሁም። ስንጠይቅ «ውሃው ተመርምሯል» ተባልን። ምርመራው የክሎሪንና የጀርም ነበር።

ታዲያ ናኖክላስተር ምንድን ነው?

የውሃ ሠራተኞች ቦኖው ጋ መጥተው ውሃ በትንሽ ፕላስቲክ ዕቃ ቀድተው፣ ክኒን ሲጨምሩበት ወደ ሮዝ ሲቀየር አይታችሁ ይሆናል። ሮዝ ከሆነ ክሎሪን አለ ማለት ነው፤ ሮዝነቱ በደመቀ ቁጥር ክሎሪኑ ብዙ ነው። ሐሳቡ ቀላል ነው፦ የማይታየውን ነገር የሚታይ ቀለም እንዲያወጣ ማድረግ። ናኖክላስተርም ሥራው ይኸው ነው፤ በቀለም ፋንታ ግን ብርሃን ይጠቀማል።

«ክላስተር» ዘለላ ማለት ነው፤ እንደ ወይን ዘለላ። «ናኖ» ደግሞ እጅግ በጣም ትንሽ መሆኑን ይነግረናል። ናኖክላስተር ከጥቂት እስከ መቶ ገደማ የሚሆኑ የወርቅ፣ የብር ወይም የመዳብ አቶሞች ተሰባስበው የሚፈጥሩት ዘለላ ነው። ስፋቱ ከ2 ናኖሜትር በታች ነው። የሰው ጠጉር ውፍረት 80,000 ናኖሜትር ገደማ ስለሆነ፣ አንዱን ጠጉር ለመሸፈን 40,000 ያህል ዘለላ ጎን ለጎን መደርደር ይኖርብናል።

አሁን አስገራሚው ነገር መጣ። የወርቅ ቀለበት ላይ ሱቅ ውስጥ የብር ኖት የሚያጣሩባትን ሐምራዊ መብራት ብታበሩበት ቀለበቱ ከራሱ ብርሃን አያወጣም። ሃያ አምስት የወርቅ አቶም ብቻ ያለበት ዘለላ ግን በዚያ ዓይነት መብራት ሥር ቀይ ሆኖ ያበራል! ለምን? በትልቅ ወርቅ ውስጥ ኤሌክትሮኖች ሜዳ ላይ እንደተለቀቀ ከብት እንደልባቸው ይንቀሳቀሳሉ። በትንሿ ዘለላ ውስጥ ግን ሜዳ የለም፤ ያለው ደረጃ ነው። ሐምራዊው ብርሃን (አልትራቫዮሌት ይባላል) ኤሌክትሮኑን ወደ ላይኛው ደረጃ ያወጣዋል። ኤሌክትሮኑ ተመልሶ ሲወርድ የያዘውን ጉልበት በሌላ ቀለም ብርሃን አድርጎ ይለቃል። ይህ ነው ፍሎረሰንስ የሚባለው። የብር ኖት ላይ ያሉት ክሮች መብራቷ ሥር የሚያበሩትም በፍሎረሰንስ ነው።

ባዜቃን እንዴት ይይዘዋል?

በጣም የታወቀውን ምሳሌ ልንገራችሁ። በ2009 እ.ኤ.አ. በሲንጋፖር ጂያንፒንግ ሺየ፣ ዩዋንጋንግ ዠንግ እና ጃኪ ዪንግ የተባሉ ተመራማሪዎች ከላም ደም የሚገኝ አልቡሚን የተባለ ፕሮቲን ወስደው የወርቅ ጨው ከሟሟበት ውሃ ጋር ቀላቀሉት። ሶዲየም ሃይድሮክሳይድ ጨመሩበት፤ ከዚያ በ37 ዲግሪ ሙቀት 12 ሰዓት ያህል አቆዩት። 37 ዲግሪ የሰውነታችን ሙቀት ነው። ፕሮቲኑ ወርቁን እንደ ጎጆ አቅፎ ዘለላ እንዲሆን አደረገው። ውሃው በተራ ብርሃን ቡናማ ነው፤ በአልትራቫዮሌት ሥር ግን ደማቅ ቀይ። ከዚያ ወዲህ ሌሎች ተመራማሪዎች በእንቁላል ነጭም ተመሳሳይ ዘለላ ሠርተዋል።

በ2010 እነዚሁ ሰዎች ይህ ቀይ ብርሃን ባዜቃ ሲገባበት እንደሚጠፋ አሳዩ። የዘለላው ገጽ ላይ ያለው ወርቅና በውሃ የሟሟው ባዜቃ በጣም ይሳሳባሉ። ባዜቃው ከተጣበቀ በኋላ ኤሌክትሮኑ ሲወርድ ጉልበቱ በብርሃን መልክ አይወጣም፤ ሳይታይ ይባክናል። ባዜቃው በበዛ ቁጥር ብርሃኑ ይደክማል። ምን ያህል እንደደከመ በመለካት ባዜቃው ምን ያህል እንደሆነ ይሰላል። ያገኙት ዝቅተኛ መጠን በሊትር 0.1 ማይክሮግራም አካባቢ ነው፤ የዓለም ጤና ድርጅት ካስቀመጠው 6 ማይክሮግራም በ60 እጥፍ ያነሰ ማለት ነው። ዘለላውን በወረቀት ላይ አድርገውም ሞክረውታል፦ ወረቀቱን ውሃ ውስጥ ነክሮ በመብራት ማየት ብቻ።

ይህን ከተለመደው መንገድ ጋር አስተያዩት። በትልቅ ላብራቶሪ የሚገኘው መሣሪያ በጣም ትክክለኛ ነው። ግን ውድ ነው፣ የማያቋርጥ መብራትና የሠለጠነ ባለሙያ ይፈልጋል። ከእኛ ዓይነት ቦታ ናሙና ተልኮ ውጤት እስኪመለስ ደግሞ ሳምንታት ሊያልፉ ይችላሉ። ወረቀትና ትንሽ መብራት ቢሆን ግን ጉድጓዱ አፍ ላይ ቆሞ ማየት ይቻላል።

ሌሎች ብረቶችስ?

ዘለላውን የሚያቅፈው ነገር ሲቀየር የሚይዘው ብረትም ሊቀየር ይችላል። ለእርሳስ ብዙ ጊዜ የሚሞከረው በሰውነታችን ውስጥም የሚገኝ ግሉታታዮን የሚባል ነገር ነው። እርሳሱ ግሉታታዮኑን ይዞ ዘለላዎቹን እርስ በርስ ያጣብቃቸዋል፤ እንደ አሠራሩ ብርሃኑ ይጨምራል ወይም ይቀንሳል። ብርን በዲኤንኤ ክር ላይ ሰብስቦ የሚያበራ ዘለላ መሥራትም ይቻላል፤ በ2004 በአሜሪካ የጆርጂያ ቴክ ተመራማሪዎች አሳይተውታል። እሱም በኋላ ለባዜቃና ለሌሎች ብረቶች መለያ ሆኗል።

በአጠቃላይ ሦስት ዓይነት አሠራር አለ። አንደኛው ብረቱ ሲገባ የሚጠፋ ብርሃን ነው። ሁለተኛው ሲገባ የሚበራ ነው። ሦስተኛው ቀለም የሚቀይር ነው፦ ቀይ የሚያበራ ዘለላና ብረቱ የማይነካው ሰማያዊ የሚያበራ ነገር አብረው ይደረጋሉ፤ ብረቱ ሲገባ ቀዩ ይደክማል፣ ሰማያዊው ባለበት ይቀራል፣ ቀለሙም ከቀይ ወደ ሐምራዊ፣ ከሐምራዊ ወደ ሰማያዊ ይሄዳል። ሦስተኛው ለዓይን ይቀላል፤ «ደከመ ወይስ አልደከመም?» ብሎ ከመከራከር የቀለም ለውጥ ማየት ይሻላልና። በጨለማ ሣጥን ውስጥ በስልክ ካሜራ አንስቶ ቀለሙን በቁጥር መለካትም ይቻላል።

እንግዲያው ለምን እዚህ የለም?

የሰማነው ሁሉ ነገ እጃችን ላይ የሚገባ አይደለም። እነዚህ ዘለላዎች እስካሁን በአብዛኛው የላብራቶሪ ሥራ ናቸው። ምክንያቶቹን ማወቅ ይጠቅመናል፤ አንድ ሰው «በደቂቃ ሁሉንም መርዝ የሚያሳይ» ብሎ ዕቃ ሊሸጥልን ቢመጣ የምንጠይቀውን እናውቃለን።

አንደኛ፣ ብርሃኑን የሚያጠፋው መርዝ ብቻ አይደለም። መዳብ ባዜቃ መስሎ ብርሃኑን ሊያደክም ይችላል። ለዚህ ኢዲቲኤ የሚባል መዳብን ጠፍሮ የሚይዝ ኬሚካል ይጨመራል። የውሃው አሲድነት፣ ጭቃውና የበሰበሰ ቅጠሉም ያሳስታሉ።

ሁለተኛ፣ ለእኛ ትልቁ ይሄ ነው፦ ክሎሪን ራሱ የዘለላውን ብርሃን ሊያጠፋ ይችላል። በክሎሪን የታከመ የቦኖ ውሃ ላይ ዝም ብሎ ቢሞከር «ባዜቃ አለ» ብሎ በሐሰት ሊያስደነግጠን ይችላል። ስለዚህ ውሃው ክሎሪን ሳይገባበት ከምንጩ መወሰድ፣ ወይም ክሎሪኑ በቅድሚያ መወገድ አለበት።

ሦስተኛ፣ አንዱ ወረቀት የሚመልሰው አንድ ጥያቄ ነው። የባዜቃው ወረቀት ስለ አርሴኒክ፣ ስለ ፍሎራይድ፣ ስለ ኮሌራ ጀርም ዝም ይላል። ዝም ማለቱ ግን «የለም» ማለት አይደለም።

አራተኛ፣ ይህ ማጣሪያ ፈተና እንጂ የመጨረሻ ፍርድ አይደለም። አጠራጣሪ ጉድጓድ ከተገኘ ናሙናው ወደ ላብራቶሪ ሄዶ መረጋገጥ አለበት። ጥቅሙ ከመቶ ጉድጓድ የትኞቹን አስቀድመን እንላክ የሚለውን መመለሱ ነው።

ከባንግላዲሽ የምንማረው

ቀላል የመስክ ምርመራ ምን ሊያደርግ እንደሚችል በባንግላዲሽ ታይቷል። እዚያ ሕዝቡን ጀርም ካለበት የኩሬ ውሃ ለማዳን ተብሎ በጣም ብዙ የእጅ ፓምፕ ጉድጓዶች ተቆፈሩ። በ1993 ግን የከርሰ ምድሩ ውሃ አርሴኒክ እንዳለበት ታወቀ። ውሃው ጥርት ያለ ነበር። ከዚያ በኋላ አርሴኒክ ሲያገኘው ቢጫና ቡናማ የሚሆን ወረቀት ይዘው በሚሊዮን የሚቆጠሩ ጉድጓዶችን መረመሩ። አደገኛው ፓምፕ ቀይ፣ ደህናው አረንጓዴ ተቀባ። ማንበብ የማይችል ሰውም ቀይና አረንጓዴ ይለያል። ብዙ ቤተሰብ ወደ አረንጓዴው ጉድጓድ ዞረ።

ሁለት ነገር እንያዝ። ወረቀቱ የጠቀመው አማራጭ ጉድጓድ ለነበረው ሰው ነው። ሌላ ውሃ ለሌለው ሰው «ይህ መርዝ ነው» ብሎ መሄድ ጭንቀት መጨመር ነው፤ ምርመራ ከመፍትሔ ጋር ሊመጣ ይገባል። ደግሞም አዲስ ጉድጓድ በተቆፈረ ቁጥር አዲስ ምርመራ ያስፈልጋል፤ የጎረቤቱ አረንጓዴ መሆን ለአዲሱ ዋስ አይሆንም።

እስከዚያው እኛ ምን እናድርግ?

- ልጆች ባትሪ እንዳይሰብሩ፣ እርሳስ እንዳያቀልጡ እንከልክል። የሠራ ሰውም ቤት ከመግባቱ በፊት እጁን ይታጠብ፣ ልብሱን ይቀይር።
- የባትሪ አሲድ፣ የፀረ ተባይ ወይም የቀለም ዕቃ የነበረ ጀሪካን ምንም ቢታጠብ ለመጠጥ ውሃ አይሁን።
- ባዜቃ ያለበትን ወርቅ ቤት ውስጥ ወይም በምግብ ማብሰያ ዕቃ አናቃጥል። ነፍሰ ጡርና ሕፃን ባሉበት ጨርሶ አይሞከር።
- ምንጩ የማይታወቅ ውሃ ለመግዛት ከተገደድን ለልብስና ለጽዳት እናውለው፤ የቦኖውን ለመጠጥ፣ ለምግብና ለሕፃናት እናስቀድም።
- ጥርጣሬ ሲኖረን «መርዝ አለ» ብለን ወሬ አንንዛ። ወሬ ሰውን ወደ ባሰ ውሃ ሊነዳው ይችላል።

በሚቀጥለው የብሎክ ስብሰባ የውሃ ኮሚቴውን በአክብሮት እነዚህን አራት ጥያቄዎች እንጠይቅ።

1. የምንጠጣው ውሃ ምንጭ ከክሎሪንና ከጀርም ሌላ ለእርሳስ፣ ለአርሴኒክ፣ ለባዜቃና ለፍሎራይድ ተመርምሯል? መቼ?
2. ውጤቱን በቁጥር፣ በምናነበው ቋንቋ መለጠፍ ይቻላል?
3. ቦኖ ሲዘጋ የምንጠቀምባቸው የእጅ ጉድጓዶችስ በምርመራው ውስጥ አሉ?
4. አሮጌ ባትሪ የሚሰበሰብበት፣ ከውሃና ከልጆች የራቀ ቦታ ሊዘጋጅ ይችላል?

እኔ ሦስተኛውንና አራተኛውን በጽሑፍ አስገብቻለሁ። የሌሎች ብሎክ ሰዎችም ብትጨምሩበት ጥያቄው የአንድ አስተማሪ ብቻ መሆኑ ይቀራል። ቸር ይግጠመን።